የሚምረውስ ማንን ነው?
የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችና የባክቴሪያ ኢንፌክሽን፦ ዳሰሳ

ባክቴሪያ መግደል ቀላል ነው። በረኪና ይገድለዋል፣ የፈላ ውኃ ይገድለዋል፣ ጠንካራ አልኮል ይገድለዋል፤ እሳትማ ምንም አያስተርፍም። ሆኖም የሳንባ ምች ለያዘው ሰው በረኪና የሚያዝ ሐኪም የለም። ፔኒሲሊን ታላቅ መድኃኒት የተባለው ስለሚምር ነው። ባክቴሪያው ዙሪያውን የሚያጥርበትን ግንብ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ የሰው ህዋስ ግን እንዲህ ያለ ግንብ ስለሌለው ሳይነካው ያልፋል። ይህን ከመነሻው ያነሳሁት ስለ ብር፣ ስለ መዳብ፣ ስለ ዚንክና ስለ ወርቅ ናኖ ቅንጣቶች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ይገድላሉ» ከሚለው ተነስቶ እዚያው ላይ ስለሚያበቃ ነው። መግደላቸው አያከራክርም። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ማንን ይምራሉ? በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ? ለምን ያህል ጊዜ? ያለውን ማስረጃ በዚህ ወንፊት ስናበጥረው የምንደርስበት ድምዳሜ ብዙዎች ከሚመኙት ጠበብ ያለ፣ ግን የበለጠ የሚታመን ይመስለኛል። ቅንጣቶቹ በደም ሥር ገብተው አንቲባዮቲክን የሚተኩ አይደሉም፤ ቦታቸው ከሰውነት ውጭና ከገጽ ላይ ነው፤ በቁስል፣ በቱቦ፣ በተተከለ ብረት፣ በውኃ ማጣሪያ ላይ። እዚያም ቢሆን እንደ አንቲባዮቲክ ሁሉ በልክና በጥንቃቄ ካልተያዙ ይባክናሉ።

ተመራማሪዎች ወደ ብረታ ብረት ያዘነበሉበት ምክንያት የታወቀ ነው። ባክቴሪያዎች መድኃኒቶቻችንን እየተላመዱ ነው። «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሰላው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሞተዋል፤ 4.95 ሚሊዮን ሞት ደግሞ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሸክሙ የከበደው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ፣ በተለይም በምዕራቡ ክፍል ነው። በ2024 የወጣው ተከታይ ትንበያ ከ2025 እስከ 2050 ባለው ጊዜ 39 ሚሊዮን ሰዎች በዚሁ ቀጥተኛ ምክንያት ሊሞቱ እንደሚችሉ ይገምታል። የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አሳሳቢ ብሎ ከመዘገባቸው መካከል የመጨረሻ መጠባበቂያ የሆኑትን ካርባፔኔም የተባሉ መድኃኒቶች የተላመዱ የሆስፒታል ባክቴሪያዎች ይገኙበታል። በሀገራችንም አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት መግዛት፣ የታዘዘውን ሳይጨርሱ ማቆም፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል እንግዳ ነገር አይደለም። በአንጻሩ አዲስ አንቲባዮቲክ ፈልጎ ማግኘት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተገኘውም ለክፉ ቀን ተብሎ ስለሚቆጠብ ለአምራቹ ትርፍ አያመጣም። እንዲህ በጠበበ ጊዜ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅና ባክቴሪያ አይለምደውም የተባለ ነገር ሲገኝ ልብ መሳቡ አያስደንቅም።

ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ደግሞ ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ነው። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ርዝመቱ 2,000 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ባክቴሪያው 12 ሜትር እንደሚረዝም የከተማ አውቶቡስ ቢገዝፍ 10 ናኖ ሜትር የሆነችው ቅንጣት ከሎሚ አትበልጥም ነበር። የማነስ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል ገጽ ማብዛቱ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ጠንካራ የብር ኩብ ክብደቱ 10.5 ግራም ሲሆን ገጹ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያንኑ ኩብ ባለ 10 ናኖ ሜትር ኩቦች አድርገን ብንከታትፈው ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሰፋል ማለት ነው። ብሩ ያው 10.5 ግራም ነው፤ ከውኃና ከአየር ጋር የሚገናኝበት በር ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ በዝቷል። ይህ እውቀት የትናንት ግኝት አይደለም። ማይክል ፋራዳይ በ1857 ወርቅን በውኃ ውስጥ በደቃቅ ቅንጣት መልክ አዘጋጅቶ የሩቢ ቀለም ያለው ፈሳሽ ሠርቶ ነበር። ኬሪ ሊ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1889 በሲትሬት የተደገፈ የብር ፈሳሽ ያዘጋጀበት ዘዴ ዛሬ በየላቦራቶሪው ከሚሠራው እምብዛም አይርቅም። የስዊሱ የዕጽዋት ሊቅ ካርል ቮን ኔጌሊም እጅግ ጥቂት ብረት ረቂቅ ሕይወትን እንደሚገድል አስተውሎ «ኦሊጎዳይናሚክ» የሚል ስም አውጥቶለት፣ ጽሑፉ በ1893 ታትሟል። ናኖ የሚለው ስም አዲስ ቢሆንም ነገሩ ያረጀ ነው፤ ያረጀ መሆኑም ለዳሰሳ ይጠቅማል፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ የስኬትና የውድቀት መዝገብ አለውና።

ከአራቱ ብረቶች በብር እንጀምር፤ ባክቴሪያን እንዴት እንደሚገድል ብዙ ተጽፏል። የብር አዮን፣ ማለትም ከብሩ ሟሙቶ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ያዘለ አቶም፣ ድኝ ባለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ለመተንፈስና ኃይል ለማመንጨት የሚያገለግሉ ኢንዛይሞች ይቆማሉ። የህዋሱ ሽፋን ይቀደዳል፣ በውስጡ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች ይበዛሉ፣ ዲኤንኤውም ይጎዳል። በ2005 በቴክሳስ የተመሩ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳዩት ከባክቴሪያው ገጽ ጋር በብዛት የሚጣበቁት ከ1 እስከ 10 ናኖ ሜትር የሆኑት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ከዚህ በኋላ አንድ ትልቅ ክርክር ተነሳ፤ ገዳዩ ቅንጣቱ ራሱ ነው ወይስ ከቅንጣቱ እየሟሟ የሚወጣው አዮን? በእኔ ግምት ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ የሰጠው በራይስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ2012 የታተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ የብር ቅንጣቶችን ኦክስጅን በሌለበት ሠርተው፣ ኦክስጅን በሌለበት ከኢ ኮላይ ጋር አገናኟቸው። ብር ወደ አዮንነት የሚለወጠው በኦክስጅን ስለሆነ አዮን ሊወጣ አልቻለም። ባክቴሪያዎቹም አልሞቱም። ቅንጣቱ የሚያገለግለው እንደ ጎተራ ነው፤ እህሉ አዮኑ ነው። መጠኑ፣ ቅርጹ፣ ልባሱ የሚወስኑት የጎተራው በር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከፈት ነው። ይህ ነጥብ ሳይንሳዊ ጭቅጭቅ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ገዳዩ አዮን ከሆነ፣ ብርን በናኖ መልክ መሥራት አዲስ ዓይነት መሣሪያ አልሰጠንም፤ የሰጠን የቆየውን መሣሪያ ቀስ ብሎ የሚያወጣ ማከማቻ ነው። እንግዲያው የብር አዮን ያለበት ድክመት ሁሉ ቅንጣቱንም ይከተለዋል።

ዋናው ድክመት አለመለየት ነው። ድኝ ያለበት ፕሮቲን በባክቴሪያ ብቻ አይገኝም፤ የእኛም ህዋሳት ሞልተውታል። በ2012 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት የብር አዮንንና የብር ናኖ ቅንጣትን በባክቴሪያና በሰው ህዋሳት ላይ ጎን ለጎን ፈትኖ፣ ሁለቱንም ወገን የሚጎዳው መጠን በአንድ ክልል ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። በመድኃኒት ቋንቋ ይህ ከባድ ፍርድ ነው፤ ባክቴሪያን የሚገድለው መጠንና ሰውን የሚጎዳው መጠን ሰፊ ርቀት ከሌላቸው በመካከል የሚቆምበት መሬት የለም። ብዙ ጊዜ እንደ ታላቅ ብቃት የሚነገረው «በአንድ ጊዜ በብዙ አቅጣጫ ያጠቃል» የሚለው ባሕርይም የዚሁ ገጽታ ነው። በብዙ አቅጣጫ የሚያጠቃ ነገር የሚያጠቃውን አይመርጥም። በዚህ ላይ ደማችን ለብር የተመቸ ስፍራ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ክሎራይድ አዮኑን ይዞ ወደማይሟሟ የብር ክሎራይድ ይለውጠዋል፤ አልቡሚንና ሌሎች ፕሮቲኖችም ይጠመጠሙበታል። ቅንጣቶቹን ደግሞ የጉበትና የጣፊያ በላተኛ ህዋሳት ከደም እየለቀሙ ያስቀራሉ። የካንሰር መድኃኒት በናኖ ቅንጣት ለመላክ የተደረጉ የአሥር ዓመት ጥናቶችን የመረመረው የቶሮንቶ ቡድን በ2016 እንደዘገበው ከተሰጠው መጠን ዕጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛ ስሌት 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ካንሰርና ኢንፌክሽን አንድ አይደሉም፤ የጉበት በር ጠባቂዎች ግን ያው ናቸው። በአፍ የሚወሰደው «የብር ውኃ» ጉዳትም የተመዘገበ ነው፤ ብሩ በቆዳ ውስጥ ተጠራቅሞ ሰውነትን ለዘለቄታው ግራጫ ሰማያዊ የሚያደርግ አርጂሪያ የተባለ ሁኔታ ያመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የኮሎይዳል ብር ምርቶች ደህንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት እንደሌለው ደንብ አውጥቶ ወስኗል። ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2020፣ ያንኑ ውኃ የኮቪድ መድኃኒት ነው ብለው የሸጡ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ተጽፎላቸዋል። በኢንተርኔት ይህን የሚገዛ ዘመድ ያለው አንባቢ ካለ እንዲያስቆመው አጥብቄ እለምናለሁ።

እንግዲህ ብር የተሳካለት የት ነው? ታሪኩን ስናየው በአብዛኛው ከቆዳ ውጭ፣ በገጽ ላይና ለአጭር ጊዜ ነው። የላይፕዚጉ የማህፀን ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1880 በእያንዳንዱ አራስ ሕፃን ዓይን ውስጥ የ2 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ፤ ውጤቱንም በ1881 አሳተመ። ከእናት በወሊድ ጊዜ በሚተላለፍ የጨብጥ ባክቴሪያ የተነሳ በሆስፒታሉ ከ10 በመቶ በላይ አራሶችን ይይዝ የነበረው የዓይን በሽታ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ስንት ልጅ ከዓይነ ስውርነት እንደዳነ መገመት አያስቸግርም። እዚህ ላይ ሁኔታው ሁሉ ለብር የተመቸ መሆኑን ልብ እንበል፤ ጠላት የሚገኘው በገጽ ላይ ነው፣ መድኃኒቱ በቀጥታ ያገኘዋል፣ የሚሰጠውም አንድ ጠብታ ነው። ያም ሆኖ የሕፃናቱን ዓይን ያቆጣ ስለነበር በጊዜ ሂደት በብዙ ሀገር አንቲባዮቲክ ባለበት ቅባት ተተካ። በእኛ ጤና ጣቢያ አዋላጇ ለአራሱ የምትቀባው ቴትራሳይክሊን የዚያ ጠብታ ልጅ ነው። ቃጠሎም ሌላው የብር ግዛት ነው። በ1965 የ0.5 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ማልበሻ፣ በ1968 ደግሞ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለው ነጭ ክሬም መጡ፤ ክሬሙ እስካሁን በሀገራችን ሆስፒታሎችም የሚሠራበት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ናኖ ክሪስታል ብር የተለበጠበት የቁስል መሸፈኛ ገበያ ላይ ዋለ፤ አዮኑን ለቀናት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ቁስሉ በየዕለቱ ተፈትቶ እንዳይታጠብ አደረገ። የቃጠሎ ቁስል በሚታጠብበት ሰዓት ያለውን ሥቃይ ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ከገጽ ላይ ቢሆንም ማስረጃው ሁሉ አይጨበጨብለትም፤ ዳሰሳ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። በሙከራ ሳህን ላይ ያማረ ነገር በሕሙማን ላይ ሲፈተን የተለያየ ፊት አሳይቷል። በብሪታንያ በ2009 የታተመው ቩልካን የተባለ ጥናት የእግር ቁስል ያለባቸውን 213 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን በብር፣ ግማሾቹን በተራ መሸፈኛ አከመ፤ የመዳን ልዩነት አልታየም፣ የብሩ ወጪ ግን በለጠ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎችም በሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተሸፈነ ቃጠሎ ከሌሎች ዘመናዊ መሸፈኛዎች ይልቅ ዘግይቶ እንደሚድን አግኝተዋል። ይህ ከምሕረት መለኪያችን ጋር ይገጥማል፤ አዲስ ቆዳ የሚሠሩት ህዋሳትም የሚመቱት በዚያው አዮን ነውና። የሽንት ካቴተርን በተመለከተ በ2012 «ላንሴት» ላይ የወጣው የብሪታንያ ጥናት በ24 ሆስፒታሎች ከ7,000 በላይ ሕሙማንን አሳተፈ። በብር ቅይጥ የተለበጠ ካቴተር ከገባላቸው 12.5 በመቶው፣ ተራው ከገባላቸው 12.6 በመቶው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛቸው። ያ ሁሉ ብር ያስገኘው ልዩነት የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ ነው። በአንጻሩ በ2008 በታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ብር የተቀባ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባላቸውና 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በቱቦው ከቆዩት ውስጥ የሳንባ ምች የያዛቸው 4.8 በመቶ ሲሆኑ፣ በተራው ቱቦ 7.5 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ የሞት መጠን ግን አልቀነሰም። በአጥንት ዕጢ ምክንያት ትልልቅ ሰው ሠራሽ አጥንት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ በ2010 የታተመ የጀርመን ጥናት በብር የተለበጠው 5.9 በመቶ፣ ያልተለበጠው ታይታኒየም 17.6 በመቶ ኢንፌክሽን እንዳስከተለ ዘግቧል፤ ሕሙማኑ ግን በዕጣ የተከፈሉ አልነበሩም። መዳብም የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ ገዳይ ገጽ ብሎ መዝግቧቸዋል፤ በ2013 የታተመ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ጥናት ደግሞ የአልጋ ሐዲድንና የመሳሰለውን በመዳብ መለበጥ የሆስፒታል ኢንፌክሽንን ከ8.1 ወደ 3.4 በመቶ እንዳወረደ ገልጿል፤ ምንም እንኳ አሠራሩ ላይ ትችት ቢቀርብበትም።

እነዚህን ውጤቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ሥርዓት ይታየኛል። የብር ጥቅም ጎልቶ የታየው ባክቴሪያው ገና ሳይሰፍር፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ብሩ ቀድሞ በጠበቀበት ነው፤ አዲስ በተተከለ ብረት፣ አዲስ በገባ ቱቦ፣ ከተወለደ ደቂቃዎች በሆነው ሕፃን ዓይን። ባክቴሪያው ተደራጅቶ ባዮፊልም የሚባለውን ዝልግልግ መሸሸጊያ ከሠራ በኋላ፣ ወይም የሽንት ጨውና ፕሮቲን ገጹን ከሸፈነው በኋላ ግን አዮኑ ይታገዳል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ከሕክምና ይልቅ በመከላከል መደብ ብናስቀምጣቸው ለእውነቱ እንቀርባለን። ለተጠቃሚውም ሆነ ለሆስፒታል ግዥ ክፍል የሚነሳው ጥያቄ እንግዲህ «ባክቴሪያ ይገድላል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በዚህ ገጽ ላይ ስንት ቀን ይቆያል፣ ስንት ኢንፌክሽን ያስቀራል፣ ስንት ብር ያስወጣል?» የሚል ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን «ባክቴሪያ ብርን አይለምደውም» የሚለው አባባል ነው፤ በብዙ ጽሑፍ መግቢያ ላይ እንደ ታወቀ ነገር ይቀመጣል፤ ስሕተት ነው። በ1975 በታተመ ዘገባ መሠረት በቦስተን በሚገኝ የአንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ውስጥ ሲልቨር ናይትሬትን የሚቋቋም ሳልሞኔላ ተነሥቶ ሕመምተኞች ሞተዋል፤ ባክቴሪያው ብርን ብቻ ሳይሆን በርካታ አንቲባዮቲኮችንም የሚቋቋም ነበር። በ1999 የወጣው ጥናት ምሥጢሩን ፈታው። «ሲል» የተባሉት ጂኖች ብሩን የሚያስር ፕሮቲንና ወደ ውጭ የሚረጭ ፓምፕ ይሠራሉ፤ የሚገኙትም ፕላዝሚድ በተባለ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚሻገር የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። በዚያው ፕላዝሚድ ላይ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂኖችም ይጓዛሉ፤ ማለትም ብርን በየቦታው ስንረጭ አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙትን አብረን ልንመርጥ እንችላለን። በ2015 በአሜሪካ የተሠራ ሙከራ ደግሞ ኢ ኮላይ በ225 ትውልድ ውስጥ የብር ናኖ ቅንጣትን መቋቋም እንደጀመረ አሳየ፤ ይህ ለባክቴሪያ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ የተለወጡትም ጥቂት ጂኖች ነበሩ። ይበልጥ የሚደንቀው በ2018 የታተመው የቼክ ተመራማሪዎች ግኝት ነው። በተደጋጋሚ ለብር ቅንጣት የተጋለጡ ባክቴሪያዎች ምንም ጂን ሳይለውጡ፣ የሚዋኙበት ጭራ የተሠራበትን ፍላጀሊን የተባለ ፕሮቲን አብዝተው እያመረቱ ወደ ውጭ ይለቁታል፤ ፕሮቲኑም ቅንጣቶቹን እንደ ጭቃ ያጣብቃቸዋል። የተጣበቀ ቅንጣት ገጹን አጣ፤ ገጹን ካጣ ኃይሉን አጣ። ያ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ የሰፋ ገጽ ተመልሶ ተጠቀለለ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ተመራማሪዎቹ የሮማን ልጣጭ ጭማቂ ሲጨምሩበት የፍላጀሊኑ ምርት ታግቶ ብሩ እንደገና ሠራ። ይህ ሁሉ እያለ ብር በካልሲ፣ በውስጥ ሱሪ፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይሸጣል። በ2008 የአሪዞና ተመራማሪዎች ባለ ብር ካልሲዎችን በውኃ አጥበው ሲለኩ፣ አንዳንዶቹ ብራቸውን በጥቂት እጥበት ጨርሰው ወደ ፍሳሹ ሰደዱት። የእግር ሽታን ለመከላከል ተብሎ የቃጠሎ ሕመምተኛን መድኃኒት ወደ ወንዝ ማፍሰስ ከባድ ጥፋት ነው። በግብርናና በከብት እርባታ አንቲባዮቲክን ያባከንነው በዚሁ መንገድ ነበር።

ለዚህ አቋም የሚቀርቡ መቃወሚያዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው «ሰው እየሞተ ስለ ጉበትና ስለ ካልሲ ማሰብ ቅንጦት ነው» ይላል። ችግሩ ይገባኛል፤ ሁሉን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የያዘው አራስ አልጋ አጠገብ ላለ ሐኪም ጥንቃቄ የሚል ምክር አይበቃውም። ነገር ግን በዚያ አራስ ደም ውስጥ ብሩ ከክሎራይድና ከአልቡሚን ተርፎ ባክቴሪያው ጋ እንደሚደርስ የሚያሳይ ማስረጃ እስከሌለ ድረስ ቅንጣቱ ተስፋ እንጂ እርዳታ አይሆነውም። ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ጠንካራ ነው፦ «አለመለየት የቅንጣት ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ በልባስ ሊለይ ይችላል።» እውነት ነው። ወርቅ ለብቻው ባክቴሪያን እምብዛም አይነካም፤ በገጹ ላይ የተመረጡ ሞለኪውሎች ሲጣበቁበት ግን ገዳይ ይሆናል። በብርሃን የሚሞቁ የወርቅ ቅንጣቶችም አሉ፤ መብራቱ በበራበት ቦታ ብቻ ስለሚያቃጥሉ ምሕረቱን የሚሰጠው ብርሃኑ ነው። እነዚህን በአክብሮት እከታተላለሁ። ሆኖም ሁለቱም የሚያረጋግጡት የእኔኑ ነጥብ ነው፤ በአንደኛው የሚለየው ልባሱ ነው፣ በሁለተኛው ብርሃኑ ነው፤ ብርሃን ደግሞ ጠልቆ ስለማይገባ ተመልሰን ወደ ቆዳና ወደ ቁስል እንመጣለን። ሦስተኛው መንገድ ብርን ከአንቲባዮቲክ ጋር ማጣመር ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ጥቂት ብር የባክቴሪያውን ሽፋን ሲያሳሳ፣ በወትሮው የማይገባው ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ወዳላቸው ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ውስጥ ገብቶ በአይጦች ላይ ጭምር እንደሠራ አሳይተዋል። የተጠቀሙት አዮን ነበር፤ የተጠቀሙት መጠንም ብር ብቻውን ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። እኔ ከሁሉ ተስፋ የምጥልበት ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም መጠኑ ባነሰ ቁጥር ለሰው ህዋስ የሚቀረው የምሕረት መሬት ይሰፋል፤ የቆዩ መድኃኒቶችም ዕድሜ ያገኛሉ።

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይህ ምርምር ተጧጡፏል። ቅንጣቶችን በዕጽዋት ጭማቂ መሥራት ውድ መሣሪያና መርዘኛ ኬሚካል ስለማይጠይቅ ለአቅማችን የተመቸ ነው፤ የዕጽዋት ሀብቱም አለን። በ2020 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኮሶ ቅጠል ጭማቂ የመዳብ ናኖ ቅንጣት ሠርተው በባክቴሪያ ላይ መፈተናቸውን አሳትመዋል። አያቶቻችን ለትል የጠጡት ዛፍ ለአዲስ ሥራ መታጨቱ ደስ ያሰኛል፤ ወጣት ኬሚስቶቻችን በዚህ መስክ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ መድረሳቸውም ክብር ነው። ያም ሆኖ የዚህ ዘርፍ ጽሑፎች፣ የእኛም የሌላውም፣ በአብዛኛው የሚያልቁት በአንድ ምስል ነው፤ በአጋር ሳህን ላይ በቅንጣቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ። ያ ክብ ስለ መግደል ይናገራል፤ ስለ ምሕረት ግን ዝም ይላል። የክቡ ስፋትም ቅንጣቱ በአጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰርግ ጭምር ስለሚወስነው ትልቅ ክብ ማለት ትልቅ ኃይል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜም ቅንጣቱ የተሠራበት የመዳብ ጨው ብጥብጥ ብቻውን፣ ጭማቂው ብቻውን ምን እንደሚሠራ ጎን ለጎን አይፈተንም፤ ስለዚህ ገዳዩ ቅንጣቱ ይሁን የተረፈው የመዳብ ጨው አይለይም። ቀጣዩ ሥራ የግድ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ያንኑ ሙከራ የሰው ሴረም በተጨመረበት መረቅ ውስጥ መድገም፤ ከባክቴሪያው ጎን የሰው የቆዳ ህዋስ አሳድጎ ሁለቱ የሚሞቱበትን መጠን በአንድ ሠንጠረዥ ማስፈር፤ በፈሳሽ ውስጥ ከሚንሳፈፍ ባክቴሪያ ይልቅ በካቴተር ቁራጭ ላይ ባዮፊልም የሠራውን መፈተን፤ ባክቴሪያውን ለጥቂት ሳምንታት በዝቅተኛ መጠን አሳድጎ መላመዱን መለካት፤ የሚፈተነውንም ባክቴሪያ ከውጭ ከሚመጣ የናሙና ጠርሙስ ሳይሆን በራሳችን ሆስፒታል ከተኛ የቃጠሎ ሕመምተኛ ቁስል መውሰድ። የኮሶው ቅንጣት በዚህ ሠንጠረዥ ላይ የቆዳው ህዋስ ከሚሞትበት መጠን በአሥር እጥፍ ባነሰ መጠን ስዩዶሞናስ የተባለውን የቃጠሎ ቁስል ባክቴሪያ ከገደለ፣ ቁስል ላይ ወደሚፈተንበት ቀጣይ ደረጃ ለመሄድ በቂ ምክንያት አለ።